ዳንኤል ጥራጥሬ ጠየቀ

ውድ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ክብደት ልቀንስ ብዬ ሽሮውን፣ ምስሩንና እንቁላሉን ትቼ በጎመንና በሻይ ሰነበትኩ። ከ80 ኪሎ ወደ 74 ስወርድ ጌታን አመሰገንኩ። ነገር ግን ከነቀምቴ ጊምቢ ለአገልግሎት በሄድንበት ቀን በአምልኮ መካከል ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ለካ የቀነሰው ስቡ ብቻ ሳይሆን ጡንቻዬም ነበር!

ምግብ ስንቀንስ በቂ ፕሮቲን ካልበላን ሰውነታችን የራሱን ጡንቻ ይበላል። ጤነኛ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ቢያንስ 0.8 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ክብደት ለሚቀንስ ሰው 1.2 ግራም ያህል ቢሆን ይመረጣል። 80 ኪሎ ለሆነች እህት ከ64 እስከ 96 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል። ኩላሊትሽን የሚያምሽ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

ዛሬም በየቤቱ ጩምቦ ሲቀርብልኝ የወገን ፍቅር ነውና ጥቂት እቆርሳለሁ። በቤቴ ግን ቅቤውን ቀንሼ ባቄላውንና ምስሩን ጨምሬአለሁ። ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ ሲተው ሆዱን ባዶ አላደረገም፤ ጥራጥሬ ጠየቀ (ዳን. 1)። እህቴ ሆይ፣ ቤተ መቅደሱን ስናጸዳ ምሰሶውን አንንቀል። ጌታ ይርዳሽ።