የአባቴ ማንጎ በአዲስ አበባ ብርድ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የማንጎ ችግኝ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እኔን ብዙ አስተምሮኛል።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ድሬዳዋ ግቢያችን ውስጥ ያሳደገው ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረን። ልጆች ሳለን ከመድረሳ ስንመለስ ሉሃችንን ግንዱ ላይ አስደግፈን፣ የአስኳላ ደብተራችንን ይዘን ጥላው ሥር እንቀመጥ ነበር። አባቴ በ2013 ዓ.ም ወደ አኼራ ሄደ። ቤቱ ተሽጦ ውርሱ ሲከፋፈል እናቴ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ መጣች። ጊዜው ግንቦት 2014 ነበር። በሻንጣዋ ውስጥ ከዚያ ዛፍ የመጨረሻ ፍሬ የወጡ ሦስት የማንጎ ዘሮች በወረቀት ተጠቅልለው ነበር።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ማንጎ የቆላ ልጅ ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲወርድ እድገቱ ይገታል፤ ለጋውን ችግኝ ደግሞ ውርጭ ይገድለዋል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይህን አላጣሁትም። ግን እናቴን «እዚህ አይበቅልም» ማለት አቃተኝ።

የማንጎ ዘር ከደረቀ ስለማይበቅል ቶሎ ብለን ጠንካራውን ልባስ ሰንጥቀን አወጣነው፤ ውስጡንም ታቻቸው በተበሳ የዘይት ጀሪካኖች ተከልነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሦስቱም በቀሉ።

የመጀመሪያዋን የወሰደብን ብርድ ሳይሆን ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ የጀሪካኑ ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነና ውሃ አቆረ፤ ሥሯ በሰበሰ። የቀሩትን ሁለቱን ጣሪያ ሥር አስጠጋናቸው።

ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ጠራ፣ ሌሊቱም ከረረ። ችግኞቹን ፀሐይ ሲሞቀው በሚውል የድንጋይ ግንብ ጥግ አስቀመጥናቸው። ከመግሪብ በፊት እናቴ አንዷን በጆንያ፣ እኔ ሌላዋን በፕላስቲክ እንሸፍናለን፤ ጠዋት እንገልጣለን። አንድ ቀን እናቴ የራሷን ገልጣ ማልዳ ለቅሶ ሄደች። እኔ ግን ፈተና ነበረብኝና ስጣደፍ የኔን ሳልገልጥ ወጣሁ። ከዐስር በኋላ ስመለስ ፕላስቲኩ በላብ ተሞልቶ፣ ችግኟ ተቀቅላ ነበር። ፕላስቲክ በፀሐይ ላይ ሙቀት አምቆ እንደሚይዝ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ነኝ!

ማታ እናቴ «ምን ሆነች?» ስትለኝ «ውርጭ መታት» አልኳት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ተማሪዎቼን ስለ ሐቀኝነት የምመክር ሰው፣ የወለደችኝን እናት በአባቴ ችግኝ ዋሸኋት። ከሱብሒ በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣

«ውርጭ ሌሊት ነው የሚመታው ልጄ፤ ጠዋት ስወጣ ደህና ነበረች። አንተው እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። አብሽር፣ አንዷ አለችልን» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዷን በጥንቃቄ ያዝናት። ዙሪያዋን አራት እንጨት ተክለን ጆንያው ቅጠሏን ሳይነካ እናለብሳታለን፤ ብርዱ ሲበረታ ቤት እናስገባታለን። በብርዱ ወራት ውሃ የምናጠጣት ጠዋት፣ ያውም አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ነው። ፍግም እስከ መጋቢት አንጨምርላትም፤ በብርድ የሚወጣ ለጋ ቅጠል ቶሎ ይጎዳልና።

አሁን በግማሽ በርሜል ውስጥ ቆማ ከትንሿ ልጄ ቁመት በልጣለች። ፍሬ ትሰጣለች ብዬ ብዙ አልጠብቅም፤ ማንጎ ቢያብብ እንኳ በብርድ አበባው በቀላሉ ፍሬ አይዝም። እናቴም ፍሬ አልጠየቀችም። አንዳንድ ቀን አንዲት ቅጠል ቆርጣ በመዳፏ ታሻትና ታሸታለች፤ ከዚያም ለአባቴ ዱዓ ታደርጋለች።

ውድ አንባቢያን፣ ብርድ የሚፈራ ችግኝ ያላችሁ ሁሉ፣ ማታ መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ ጠዋት መግለጡን አትርሱ። እኔ የረሳሁ ቀን የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ወሰላሙ ዓለይኩም።