ከጎታ የወጣ መጽሐፍ

አባቴ ኩልመስክ ሲያስተምር የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ከካድሬ የሸሸገው በገብስ ጎታ ውስጥ ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፤ የደራሲውም ደብዛ በ1976 ጠፋ። ደርግ ሲወድቅ ከጎታው የወጣ መስሏችኋል? አልወጣም። ቆይቶ ደግሞ የሚሸሸገው ከእኔ ሆነ! «ለልጅ አይሆንም» ይል ነበር፤ የፊያሜታን ገጾች ፈርቶ ይመስለኛል።

16 ዓመት ሲሞላኝ ገለባውን አራግፎ ሰጠኝ። ማታ ማታ በኩራዝ ስንከራከርበት ከረምን። ካድሬው ለዘላለም ነበር የከለከለው፤ አባቴ ግን እስከዚያች ቀን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ቢከለክልም ለወጣቶች ደኅንነት ሲባል ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይሁን። ገደቡን የሚያነሣውስ ማነው?

ሰሞኑን የ13 ዓመቷ የእህቴ ልጅ የማይሆን ፊልም ስታይ ስልኳን ቀማኋት።

«እስከ መቼ ነው፣ አጎቴ?» አለችኝ።

ስልኩ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።