የስድስቱ ክሮች ሚዛን

ኤሌክትሪክ ጊታር ከኢትዮጵያ የሙዚቃ መድረክ ጋር ከተዋወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1960ዎቹ ዓ.ም በአዲስ አበባ ሆቴሎች ይጫወቱ የነበሩት አይቤክስና ዋሊያስ ባንዶች የዚህን መሣሪያ ድምፅ ከአገሩ ሰው ጆሮ ጋር አስማምተውታል፤ ሰላም ሥዩም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ፣ ማህሙድ አማን ደግሞ በዋሊያስ የተጫወቱት ጊታር ዛሬም ይደመጣል። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ዘመናዊውን መሣሪያ ከክራርና ከማሲንቆ ጎን ያቆሙበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በምዕራብ ሸዋ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ባሉት ከተሞች ጊታር የያዘ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው ጊታሩ ከቅኝት ሲወጣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው።

የነገሩ ክብደት የሚታወቀው በጥር ነው። የሰርጉ ድንኳን ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ ገብተው፣ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገበት ሰዓት ከስድስቱ የጊታር ክሮች አንዱ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ተጫዋቹ በቀሩት አምስቱ እየተደጋገፈ ዘፈኑን በጨረሰ ነበር። ብሪጁ ተንሳፋፊ ከሆነ ግን አምስቱም ክሮች ባንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ዘፋኙና ኪቦርዱ ወዲህ፣ ጊታሩ ወዲያ ይሆናል። ድግሱን የደገሰው ሰው ስለ ሞላና ስለ ብሎን አያውቅም፤ የሚያውቀው ባንዱ ሰርጉን ማበላሸቱን ነው። ለሚቀጥለው ልጁ ሰርግ ሌላ ባንድ ይጠራል። በሙዚቃ ለሚያድር ወጣት ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ተንሳፋፊ ብሪጅ ምንድን ነው? በበገናና በክራር ላይ ክሮቹ ተደግፈው የሚያልፉበት እንጨት በርኩማ ይባላል። የጊታርም ብሪጅ ያው በርኩማ ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ይህን በርኩማ ተንቀሳቃሽ አድርጎ ሠራው። ከፊት በብሎኖች ላይ ይደገፋል፤ ከኋላ ደግሞ በጊታሩ ገላ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ በሞላዎች ይሳባል። ተጫዋቹ ከብሪጁ ጋር የተያያዘችውን የብረት ዘንግ ወደታች ሲጫን ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ሲለቃት ሞላዎቹ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሌላው አሜሪካዊ ፍሎይድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ክሮቹን በሁለቱም ጫፍ ቆልፎ የሚይዝ ዘዴ ጨመረበት። ፌንደር መሣሪያውን ትሬሞሎ ብሎ ሰየመው። በሙዚቃ ቋንቋ ግን ትሬሞሎ ማለት የድምፅ ኃይል መጉላትና መድከም ነው፤ ይህ መሣሪያ የሚያወዛውዘው ደግሞ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ስለሆነ ትክክለኛ ስሙ ቪብራቶ ነበር። ቢሆንም ስሙ እንደ ተሳሳተ ጸድቆ ቀርቷል።

ስድስቱ ክሮች በመደበኛ ቅኝት ሲወጠሩ፣ እንደ ውፍረታቸው፣ ባንድነት 40 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይስባሉ። አበው ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። አንበሳው ከኋላ ያሉት ሞላዎች ናቸው። ክሮቹ ካየሉ የብሪጁ ጭራ ሽቅብ ይነሣል፤ ሞላዎቹ ካየሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጊታሩ የሚዘምረው ሁለቱ ወገኖች ሳይሸናነፉ ሲቆሙ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም። በመጀመሪያ አዲሶቹ ክሮች ከቀድሞዎቹ ጋር በውፍረት እኩል ይሁኑ፤ ወፍራም ክር የበለጠ ይስባልና ሚዛኑ ይፋለሳል። አሮጌዎቹ ክሮችም ሁሉም ባንድ ጊዜ አይፈቱም፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ቀጥሎ የጊታሩ የጀርባ ክዳን በካቻቢቴ ይከፈታል። ሞላዎቹ የተንጠለጠሉበት ጥፍር መሰል ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከእንጨቱ ጋር ተይዞ ይታያል። ክሮቹ ከተቃኙ በኋላ ብሪጁ ከጎን ይታያል። ከጊታሩ ገላ ጋር ትይዩ ከሆነ መልካም ነው። ጭራው ከተነሣ ሁለቱ ብሎኖች እኩል ይጠብቃሉ፤ ከሰመጠ ይላላሉ። ባንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር ችኮላ ነው። ከዚያ እንደገና መቃኘት፣ እንደገና ማየት፣ እንደገና ማዞር ይከተላል። ሚዛኑ ሲገኝ ክሮቹ በጣት እየተሳቡ ይለመጣሉ፤ ዘንጓም ደጋግማ ተጭና ትለቀቃለች። በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉባቸው ቀጫጭን ቦዮች የእርሳስ ዱቄት ቢቀቡ ክሩ ሳይነክስ ሄዶ ይመለሳል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ክር በ12ኛው ፍሬት ላይ ይፈተሻል፤ ባዶው ክርና እዚያ ተይዞ የሚሰጠው ድምፅ በትክክል አንድ ኦክታቭ መራራቅ አለባቸው።

ወጣቱን የሚያስመርረው ከዚህ ሁሉ መካከል መቃኘቱ ነው። በስልኩ መቃኛ እየታገዘ የመጀመሪያውን ክር ያደርሳል፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እያለ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ወርዶ ይጠብቀዋል። አንዱ ክር በጠበቀ ቁጥር ብሪጁ ትንሽ ስለሚነሣ ሌሎቹ ይላላሉና ነው። ወጣቱም «ጊታሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። በዚያው ከተማ ግን ክራር የሚደረድር አዋቂ ቢገኝ በነገሩ አይደነቅም። በክራር ላይ ክሮቹ ሁሉ በሁለት ምሰሶዎች በተያዘ አንድ ቀንበር ላይ ተጠምጥመዋል፤ አንዱ ሲከር ቀንበሩ ጥቂት ይሰጣል፣ ሌሎቹም ይሰማቸዋል። ስለዚህ ክራር ደርዳሪ አንዱን ክር ፈጽሞ ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም። ሁሉንም ያቀራርባል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል፤ በስተመጨረሻ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ ቅኝቱ በራሱ ጊዜ ይቀመጣል። ከባሕር ማዶ የመጣው መሣሪያ ከሁሉ የከበደው ትምህርት ለካ በአገር ቤት ሲሠራበት የኖረ ነው።

የምዕራብ ሸዋ አየርም የራሱን ፈተና ያክላል። ቀዝቃዛው ጌዶ ላይ የተቃኘ ጊታር በዚያው ቀን ሞቃታማው ባኮ ሲወርድ የብረት ክሮቹ ይረዝማሉ፣ ድምፁም ይወርዳል። አምቦ ላይ በቀን ፀሐይ የተቃኘው ደግሞ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ሽቅብ ይላል። በክረምት እርጥበት ያበጠው የአንገት እንጨት በበጋ ይሰበሰባል። ብሪጁ ተንሳፋፊ ሲሆን ይህ ሁሉ ለውጥ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ይተላለፋል። መሣሪያው መድረክ ላይ ወጥቶ ከአየሩ ጋር ሳይላመድ መቃኘት ድካም ብቻ ነው።

በዚህ ተማርረው ብዙ ተጫዋቾች በጀርባው ጉድጓድ ውስጥ እንጨት ጠቅጥቀው ብሪጁን ያስሩታል። ዘንጓን ለማይነካ ሰው ይህ ብልህነት ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን የሚቀረው ነገር ይታወቅ። የጊታር ፍሬት ድምፅን በ12 እኩል እርከን ከፋፍሎ ያጥራል። ባለ አንድ ክሩ ማሲንቆ አጥር የለውም፤ የተጫዋቹ ጣት በክሩ ላይ ስትንሸራተት ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሰቀሰቃል። ተንሳፋፊው ብሪጅ በለሆሳስ ሲነካ ጊታር ከዚያ አጥር ሾልኮ ወደ ማሲንቆ የሚቀርብባት ቀጭን በር ናት። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም የተወለደው በአምቦ አቅራቢያ፣ ቦዳ ነው፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም የተገደለው ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነበር። ቃልና ዜማን እንዲህ የሚያከብር አገር የሚያዳምጠው ጆሮ ሻካራ አይደለም። ያች በር የተዘጋችው በምርጫ ይሁን ባለማወቅ ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ ሙዚቃ የሚያስተምሩ መምህራንና በየባህል ማእከሉ ወጣት የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች ክራር ደርዳሪውንና ጊታር ተጫዋቹን አንድ ወንበር ላይ ቢያስቀምጧቸው ሁለቱም ይጠቀማሉ። አንዱ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል፤ ሌላው የሞላውንና የብሎኑን ነገር። እስከዚያው ግን የሰርግ መድረክ ላይ የሚወጣ ወጣት በጊታሩ ሳጥን ውስጥ ሁለት ነገሮች አይጡ። አንደኛው መጠባበቂያ ክር ነው። ሁለተኛው፣ ብሪጁ በሚዛን ቆሞ ሳለ ከጭራው ሥር ባለው ክፍተት ልክ ተለክቶ የተጠረበ ትንሽ እንጨት ነው። ክር ሲበጠስ እንጨቷ ከጭራው ሥር ትገባለች፤ ብሪጁ ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመለሳል፤ አምስቱ ክሮችም ወደ ቅኝታቸው ይወርዳሉ። ዘፈኑም ሳይቋረጥ ያልቃል።