የምስክርነቴ ሁለተኛ ግማሽ

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፤ በእሑድ አምልኮ መካከል ተነሥታችሁ «ጌታ ከአደጋ አወጣኝ» ብላችሁ መስክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መስክሬአለሁ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» አለ፤ እልልታው ቀለጠ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ያ ምስክርነት ግን ግማሽ ነበር። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ልንገራችሁ።

የምኖረው በጉባ ወረዳ፣ በማንኩሽ ነው። ጉባን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ወዲህ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪኖች ወደ አካባቢያችን ሲመላለሱ ኖረዋል። ከዋናው መንገድ ራቅ ወዳሉት ቀበሌዎች ለመድረስ ግን የሚያዋጣው ሞተር ሳይክል ነው። የእኔም ሥራ ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ይዤ በሞተር ወደ እነዚያ ቀበሌዎች መሄድ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የመዘምራን እህት ከኋላዬ አፈናጥጬ ወደ ልምምድ እንሄድ ነበር። ያለኝ ሄልሜት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም ስለ ሙቀቱ ብዬ ክንዴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ልምምዱ ረፍዶብናል በሚል ፈጥኛለሁ። ፍየል ዘልላ መንገድ ገባች። የፊት ፍሬኑን በድንጋጤ ጨምድጄ ያዝሁት፤ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። የእኔ ክርንና ጉልበት ተላጠ። እርሷ በጭንቅላቷ ጎን ወደቀች።

ከአንድ ወር በኋላ ከሆስፒታል ተመለሰች። ቀኝ ጆሮዋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። በተመለሰች በመጀመሪያው እሑድ ነው እኔ ተነሥቼ ጌታ ሁለታችንንም ከሞት እንዳተረፈ የመሰከርሁት። ከአምልኮው በኋላ ማንጎው ሥር ጠራችኝ። አልተቆጣችም። «ወንድሜ፣ ማን እንዳተረፈን በደንብ ተናገርህ፤ ማን እንደጣለን ግን አልተናገርህም» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጸሎቴ አልወጣ አለኝ። «የጠላት ሥራ ነው» እንዳልል፣ ሄልሜቱን ክንዴ ላይ ያንጠለጠልሁት እኔ ነኝ። «የጌታ ፈቃድ ነው» እንዳልል፣ ፍጥነቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌያችን ሄድሁ። አልገሠጹኝም፤ ዘዳግም 22፥8ን ከፍተው አስነበቡኝ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘበት ቦታ ነው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህም ጎረቤትን የመውደድ ሕግ ነው። አንተ ሞተርህ ላይ ሰው ስታወጣ መከታውን ረሳህ።» በሚቀጥለው እሑድ ተነሥቼ የቀረውን ግማሽ ተናገርሁ። እልልታ አልነበረም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ቀን የሞተር ደኅንነት ሥልጠና ወደ አሶሳ ላከኝ። ዓመታት የነዳሁ ሰው ምን እማራለሁ ብዬ ነበር። አሠልጣኙ በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል በእግረኛ ፍጥነት እንድነዳ አዘዘኝ፤ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሳልደርስ እግሬ መሬት ነካ። በፍጥነት መንዳት ቀላል ነው፤ ጉድለትን ይሸፍናል። ቀስ ብሎ ሲነዱ ግን ችሎታው ይታያል። እንዲህ ሆኖ ትምህርቱን ጨረስሁ፤ ዛሬ በሳምንቱ ቀናት ክትባቴን አደርሳለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አዲስ ሞተረኞችን አስተምራለሁ።

ምን እንደማስተምር ጥቂት ላካፍላችሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍየሏን አይታችሁ እጃችሁ ፍሬን እስኪይዝ ያ ሁሉ መንገድ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ፍሬን አስቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ነው። ሁለቱንም ፍሬኖች አብራችሁ ያዙ፤ ግን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፤ በጠጠርና በጭቃ ላይ የፊቱን በጣም አለስልሱት። ዓይናችሁ ጉድጓዱ ላይ ከተተከለ ሞተሩም ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፤ ልትሄዱ ወደምትፈልጉት ተመልከቱ። ስለ ጭነት ሳስተምር ደግሞ በመንገድ የሚያልፉትን የጉሙዝ እናቶች አሳያለሁ። በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ሁለት ጫፍ ጭነቱን አመዛዝነው፣ ዓይናቸውን ወደ ፊት አድርገው ይሄዳሉ። ከእነርሱ የተሻለ የሚዛን አስተማሪ አላገኘሁም።

ስለ ሄልሜት ስናገር አንድ ታሪክ እጨምራለሁ። «የዐረቢያው ሎረንስ» የሚባለው እንግሊዛዊ በ1935 እ.ኤ.አ. ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ፤ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ከሐኪሞቹ አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ በሐዘኑ ብቻ አልቀረም፤ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አጠና፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ጥናቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክት አድራሽ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። በኋላም ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ግን ራስ ላይ ሆኖ ከታሰረ ነው። ክንድ ላይ ያለ ሄልሜት የሚጠብቀው ክርንን ነው፤ እኔ ደግሞ ክርኔም ተልጧል።

«ጌታ ይጠብቀኛል» የሚል ወጣት ሁልጊዜ አይጠፋም። አምናለሁ፤ ይጠብቃል። ነገር ግን ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን እንደገና አንብቡ። በመቅደሱ ጫፍ ላይ የጥበቃን ተስፋ እየጠቀሰ «ዝለል» ያለው ማን ነበር? ጌታችን የአባቱን ጥበቃ ሳይጠራጠር አልዘለለም። ሁለተኛ ነገሥት 9፥20ንም ተመልከቱ፤ ጉበኛው ኢዩን ከሩቅ ያወቀው በእብደት አነዳዱ ነበር። እናንተንስ መንገድ ዳር የቆመ ሰው በአነዳዳችሁ ቢያውቃችሁ ምን ይላል?

ባለፈው ዙር ተማሪዎቼን በሰልፍ አቁሜ ማሰሪያቸውን ስፈትሽ፣ መጨረሻ ላይ ያቺ እህት ቆማለች። «እኔንም አስተምረኝ፤ ከእንግዲህ ራሴ ነድቼ ነው ወደ ልምምድ የምሄደው» አለችኝ። አዲስ ሄልሜት ገዝታለች። ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ብቻ እንደሚገባ አረጋገጥሁ። መመሪያ ስሰጣት በግራዋ በኩል ቆሜ ነው፤ በዚያ በኩል ትሰማለች። በመዘምራኑም መካከል ዛሬ በቀኝ ጠርዝ ቆማ ትዘምራለች፤ የሌሎቹ ድምፅ በደኅናው ጆሮዋ እንዲገባ።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ ስትመሰክሩ ሙሉውን መስክሩ። ሰው ከማፈናጠጣችሁ በፊትም ሁለተኛ ሄልሜት ያዙ።