ድምፁ ከውስጥ፣ ምስሉ ከውጭ

ቡታጅራ ውስጥ የልጅነቴ ሲኒማ ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያ ያጣን ልጆች ከግድግዳው ተለጥፈን የህንዱን ፊልም በጆሯችን እናይ ነበር። ምስሉ ውስጥ ተቆልፎ፣ ድምፁ ብቻ ወደ መንገዱ ይፈስልናል።

ፔንሲልቬንያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ዘንድ በከረምኩበት በጋ፣ አንድ ቀን «ዛሬ ሲኒማ እንሄዳለን» አለኝ። ኦርፊልድ የምትባል መንደር ደረስን። ትኬቱን ከመኪና ሳንወርድ ቆርጠን ገባን። አዳራሽ የለም! ጣሪያ የለም! ሰፊ ሜዳ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ግዙፍ ነጭ ስክሪን ያዞሩ መኪኖች፣ ከበላያቸው ሰማይ ብቻ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምንወርደው?»

«አንወርድም!» ብሎ ሳቀ።

የሲኒማው ስም ሻንክዋይለርስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የመኪና ሲኒማዎች ሁሉ አንጋፋው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባል ሰው ፕሮጀክተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ፣ ዛፍ ላይ አንሶላ ወጥሮ ከሞከረ በኋላ፣ የመጀመሪያውን የመኪና ሲኒማ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከፈተ። በዓመቱ ዊልሰን ሻንክዋይለር የተባለ ባለሆቴል እዚህ ሜዳ ላይ ሁለተኛውን ጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሲኒማዎች ነበሯት። ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ሲገባ፣ የመሬት ዋጋም ሲንር፣ አብዛኞቹ ተዘጉ። ይሄኛው በ1955 ዓውሎ ነፋስ ክፉኛ ቢጎዳውም ተጠግኖ ቆመ።

ፊልሙ የሚጀመረው ሲጨልም ነው፤ ግን ጨለማው እንቢ አለ! ቡታጅራ፣ ዘቢዳር ተራራ ሥር፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዓይን ይይዛል፤ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሰማዩ ቀይ ነው። ልጆች በፒጃማ ይሯሯጣሉ፤ ፒክአፖች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ቤተሰቡ ጭነት ቦታው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ፈንዲሻ ይበላል።

በመጨረሻ ስክሪኑ በራ። ድምፁስ? ወንድሜ ሬዲዮኑን ከፍቶ ኤፍ ኤሙን አስተካከለ፤ ተዋናዩ ጉልበቴ ሥር ተናገረ! ክው አልኩ። ቡታጅራ የቆለፈችውን ምስል እዚህ ለሰማይ ለምድሩ ዘርግተውታል፤ የለቀቀችልንን ድምፅ ደግሞ በየመኪናው ቆልፈውታል።

መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። የጎረቤቶቻችንም ክፍት ነበር። ያው ድምፅ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ መጥቶ ሜዳውን ሞላው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግድግዳው ሥር ነኝ። ገለጥኩ፤ ያ ሁሉ ዘመን በጆሮዬ ያየሁት ምስል ከፊቴ ቆሟል።