ከፓሪስ እስከ ሮማ በምድር ባቡር

በተክሊል የተጋባንበት ሠላሳኛ ዓመት ሲደርስ ልጆቻችን በምሥጢር ተማክረው፣ ለእነርሱ ስንል ከዓመት ወደ ዓመት ያስተላለፍነውን ዕረፍት ሊሰጡን ቈረጡ። «አውሮፕላን መንገደኛን ያደርሳል እንጂ አገር አያሳይም» ብለው፣ ከፓሪስ ተነሥተን በዙሪክ፣ በሚላኖና በቬኒስ በኩል ሮማ የምንደርስበትን የባቡር ቲኬት ገዙልን። ጊዜውን የመረጥነው ግን እኛ ነን። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታም ከመግባቱ በፊት እንዲሆን አደረግን፤ ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆነን ዳቦ ቆሎና በሶ በሻንጣችን ነበረ።

ከሁለታችን ባል የተባለው ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ሥራ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ሁሉን ነገር በጽሑፍ ማድረግ ይወዳል። ባቡሩ የሚነሣበትን ደቂቃ፣ የምንወርድበትን ጣቢያና የምንመገብበትን ሰዓት ሳይቀር በአንድ ደብተር አሰፈረ። ሚስት የተባለችው ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ይኸውም በሚላኖ ከተማ የሚገኘውን፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣለውን የጌታን የመጨረሻ እራት ማየት ነው። የዚያ ሥዕል የወረቀት ቅጂ በልጅነቷ በወላጆቿ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበርና። ሥዕሉ እንዳይጐዳ ሲባል ተመልካች የሚገባው ጥቂት ጥቂት ሰው እየሆነ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቦታውንም አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ልጆቻችን ከብዙ ሳምንታት በፊት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ቲኬት አስያዙልን።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

በፓሪስ የተሳፈርንበት ጣቢያ ጋር ደ ሊዮን ይባላል። ሕንፃው በ1900 ለተደረገው ታላቅ የዓለም ትርኢት የተሠራ ሲሆን፣ በአራቱም ማዕዘን ሰዓት ያለበት ረጅም ግንብ ከሩቅ ይታያል። ከበሩ ላይ «ጋር» የሚለውን ቃል ስናነብ ተያይተን ሣቅን። በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ማለት «ጣቢያው» ማለት ነው፤ እኛም በአዲስ አበባ ከልጅነታችን ጀምሮ ለገሃር ስንል የኖርነው ይህንኑ ቃል ነው። ፈረንሳውያን የዘረጉት ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉም አብሮ በባቡር ገባ።

ከፓሪስ እስከ ዙሪክ ያለው መንገድ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፈረንሳውያን ፈጣን ባቡራቸውን በፓሪስና በሊዮን መካከል በ1981 ከጀመሩ ወዲህ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር መሄድ ብርቅ አይደለም። የስንዴው ማሳ፣ የመንደሩ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ጕልላት ይመጣል፤ ይሄዳል። «ያችን ላም እያት» ሳንባባል ላሟ ከኋላችን ቀርታለች። ባል በደብተሩ ላይ ያለፍናቸውን ጣቢያዎች ምልክት ሲያደርግባቸው፣ ሚስት ግንባሯን መስተዋቱን አስደግፋ ዝም ብላ ታይ ነበር።

በዙሪክ አንድ ሌሊት አደርን። ከተማዪቱ ንጹሕ፣ ሐይቋም ጥሩ ነው፤ ስለ እርሷ የምንጽፈው ግን ስለ ጣቢያዋ ብቻ ነው። የዙሪክ ዋና ጣቢያ መሳፈሪያዎቹ በምድር ላይ ብቻ ሳይሆኑ ከምድር በታችም ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣችንን እየጐተትን ስንደርስ ባል ደብተሩን ገለጠና «መሳፈሪያችን በዚህ ነው» አለ። ሚስት «ሰው ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ነው እኮ፤ አንድ ሰው ብንጠይቅ ምን ይለናል?» አለች። «ተጽፏል!» ሲል መለሰላት። እውነትም ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈው ቍጥር ግን የመሳፈሪያው ሳይሆን የሠረገላው ነበረ።

በስዊስ ጣቢያዎች ሁሉ የተሰቀለው ሰዓት በ1944 ሀንስ ሂልፊከር የተባለ መሐንዲስ ያወጣው ነው። ቀዪቱ የሰኮንድ ዘንግ ዙሯን ጨርሳ ከላይ ስትደርስ ለቅጽበት ትቆማለች፤ ከዚያ የደቂቃው ዘንግ ዘለል ሲል ጕዞዋን ትቀጥላለች። ሰዓቱስ ለአንድ ቅጽበት ይታገሣል፤ ባቡሩ ግን አልታገሠንም። ወደ ትክክለኛው መሳፈሪያ ስንሮጥ ብንደርስ ባዶ ሐዲድ አገኘን።

የቲኬቱ ሠራተኛ በትሕትና እንደ ነገረን፣ ቀጣዩ ፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚነሣ፣ መቀመጫውም የተያዘ ነበር። በአሮጌው የተራራ መንገድ የሚሄድ ባቡር ግን ሊነሣ ተቃርቧል፤ በእርሱ ሄደን ቤሊንዞና ላይ ሌላ ባቡር ብንይዝ ወደ ማታ ሚላኖ እንደርሳለን። ወደ ማታ ማለት ከ10 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። ሚስት ምንም አልተናገረችም። ባልም የሚናገረው አጣ። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንዳችን ወደ ግራ አንዳችን ወደ ቀኝ እያየን ጕዞ ጀመርን። ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል፤ ጩኸት ከእርሱ ይሻላል።

ከዙሪክ ወደ ኢጣልያ ለመሻገር የአልፕስን ተራሮች ማለፍ ግድ ነው፤ መንገዱም ሁለት ነው። አንደኛው በሰኔ 2016 የተመረቀው የጎታርድ አዲሱ ዋሻ ነው። ርዝመቱ 57 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከዓለም የባቡር ዋሻዎች ሁሉ ይበልጣል። በዚያው ዓመት በጥቅምት የእኛም የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቋል። ያመለጠን ባቡር በተራራው ሥር በጨለማ ሃያ ደቂቃ ያህል ገሥግሦ ወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። ሁለተኛው በ1882 የተከፈተው አሮጌው መንገድ ነው። ባቡር እንደ በቅሎ አቀበት መውጣት ስለማይችል፣ የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ሐዲዱን በተራራው ሆድ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እያዞሩ ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል አደረጉት።

በዚህ አቀበት መካከል ቫሰን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከጕብታ ላይ የቆመች ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለቻት። መጀመሪያ ስናያት ከራሳችን በላይ ነበረች፤ አንገታችንን ሰቅለን አየናት። ባቡሩ ወደ ዋሻ ገብቶ በጨለማ ዞረና ሲወጣ ያችው ነጭ ቤተ ክርስቲያን በትክክል ከፊታችን ቆማለች። ሚስት ዝምታውን ረስታ «ይህች ቤተ ክርስቲያን ተከተለችን እንዴ?» አለች። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቋንቋችንን ባያውቁም አነጋገሯ ገባቸው መሰለን፤ ፈገግ ብለው ሦስት ጣታቸውን አሳዩን። ባቡሩ ዳግመኛ ወደ ዋሻ ገባ። በዚያ ጨለማ ውስጥ ባል «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደብተሩ አልተሳሳተም» አለ። ሚስትም «እኔ ደብተሩን መች ወቀስሁት?» ብላ መለሰች። ወደ ብርሃን ስንወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእግራችን በታች፣ የሕፃን መጫወቻ አክላ ትታይ ነበር። እርሷ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተዛወርነው እኛ ነን።

ከቫሰን በላይ ጎሸነን ላይ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሮጌው ዋሻ ይጀምራል። ሥራው በ1872 ሲጀመር ኀላፊነቱን የወሰደው ሉዊ ፋቭር የተባለ ሰው ነበር። በውሉ የተወሰነው ጊዜ እየጠበበ ሲያስጨንቀው ኖሮ በ1879 በዚያው ዋሻ ውስጥ ሳለ ድንገት ሞተ። በተከታዩ ዓመት ከሰሜንና ከደቡብ የሚቈፍሩት ሠራተኞች ሲገናኙ፣ በተከፈተችው ቀዳዳ ከሁሉ አስቀድመው ያሳለፉት የእርሱን ፎቶግራፍ በቆርቆሮ ሣጥን አድርገው ነበር። በዋሻው ሥራ ወደ 200 የሚጠጉ ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከሠራተኞቹ የሚበዙት ኢጣልያውያን ነበሩ። በ1875 ሥራ ባቆሙ ጊዜም ወታደር ተኵሶባቸው አራት ሰዎች ወድቀዋል። እኛ ለቀረብን የአንድ ቀን ደስታ ስናዝን በእነዚህ ሰዎች ድካም ላይ ተቀምጠን እንሄድ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ታወሰን።

ሚላኖ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ቢሆንም ሻንጣችንን አስቀምጠን ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ ወደሚባለው ገዳም ሄድን። ሥዕሉ ያለው በገዳሙ የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው፤ የኛ ሰዓት አልፏል፤ ለማግስቱም ቦታ አልተገኘም። ከደጅ በድንጋይ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሊዮናርዶ ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ ሥዕሉን የሣለው በደረቅ ልስን ላይ ስለ ነበረ ቀለሙ ገና ከጥንቱ ይረግፍ ጀመር። በነሐሴ 1943 ቦምብ በአዳራሹ ላይ ወድቆ ጣራውንና አንዱን ጐን ሲያፈርሰው፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ የነበረው ባለ ሥዕሉ ግድግዳ ግን ሳይወድቅ ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀው እድሳት የተፈጸመው በ1999 ነው።

ይህን ስንነጋገር ሚስት ስለ ወላጆቿ ቤት ሥዕል አነሣች። አንድ ክረምት ጣራው አፍስሶ ውኃ ገባበት፤ የሐዋርያቱም ፊት ደበዘዘ። ሰዎች «አውርደሽ ሌላ ስቀዪ» ቢሏት እናቷ «እኔ ማን ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ» ብላ እስክትሞት ድረስ አላወረደችውም። ባል ይህን ታሪክ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ቲኬቱ ባይበላሽ ኖሮ 15 ደቂቃ አይተን ወደ እራት እንሄድ ነበር፤ ታሪኩም ሳይነገር ይቀር ነበር።

በማግስቱ ወደ ቬኒስ ከመሳፈራችን በፊት በ1931 በተመረቀው በሚላኖ ታላቅ ጣቢያ ሥር ያለውን የመታሰቢያ ስፍራ አየን። ለፖስታ ፉርጎዎች በተሠራው በዚያ ምድር ቤት፣ ከ1943 መጨረሻ አንሥቶ አይሁዶችና ሌሎች እስረኞች በከብት ፉርጎ እየተጫኑ ወደ ሞት ሰፈር ይላኩ ነበር። ከላይ መንገደኛ እየተሳፈረ ከታች ይህ ይደረግ ነበር። በ2013 በተከፈተው መታሰቢያ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ግዴለሽነት» የሚል። ባቡር ሰውን ወደ ወዳጁም ወደ ሞቱም እኩል ያደርሳል፤ ልዩነቱ ከሚነዱት ሰዎች ልብ ነው።

ወደ ቬኒስ የሚገባው ባቡር በ1846 በተከፈተው 222 ቅስት ባለው ድልድይ በባሕር ላይ ይሄዳል። ጣቢያው ሳንታ ሉቺያ የሚባለው፣ በዚያ ቦታ የነበረው የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን በ1861 ለጣቢያው ሲባል ስለ ፈረሰ ነው፤ ዐፅሟም በአቅራቢያው ወዳለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተዛውሯል። እኛ ግን ልባችን ወደ ቅዱስ ማርቆስ ነበር። የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 የወንጌላዊውን ዐፅም ከእስክንድርያ ወስደው ይህን የወርቅ ሞዛይክ ያበራበት ቤተ ክርስቲያን ሠሩለት። ለቬኒሳውያን ይህ የክብራቸው መጀመሪያ ነው፤ ከማርቆስ መንበር ጳጳስ ስትቀበል ለኖረችው ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአባት ዐፅም ከቤት መውጣት ነው። ደግነቱ በ1968 ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ከዐፅሙ ከፍለው ለግብጽ ቤተ ክርስቲያን መለሱ፤ በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር።

የመጨረሻዪቱ ጣቢያችን ሮማ ናት። ከተርሚኒ ጣቢያ ስንወጣ የተቀበለን ሰፊ አደባባይ ስሙ «የአምስቱ መቶ አደባባይ» ነው። አምስቱ መቶ የተባሉት በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ፊት የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። እኛ ዶጋሊን የምናውቃት በድል ስሟ ነው፤ እዚህ ግን የሐዘን ስም ሆና አገኘናት። ድላችን አላሳፈረንም፤ ነገር ግን ከዚያ ቆመን ስናስብ ከአገራቸው ተልከው የቀሩት ወጣቶች እናት እንደ ነበራቸው ትዝ አለን። የቫሰንን ቤተ ክርስቲያን አስታወስን፤ አንዱን ነገር ከታችም፣ ከፊት ለፊትም፣ ከላይም ማየት ይቻላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ እንዲህ ያለ ጕዞ ብታስቡ ከተማ አታብዙ፤ በአንድ ቀን የፈጣኑን መንገድ ትታችሁ በአሮጌው ሂዱ፤ የምትሳፈሩበትንም ስፍራ ከደብተር ይልቅ ሰው ጠይቁ። እኛ በፍልሰታ ዋዜማ በደኅና ተመልሰናል። ያልተሠራባቸው ሁለቱ የሚላኖ ቲኬቶች በደብተሩ ውስጥ አሉ። ልጆቻችን «ምን አያችሁ?» ብለው ሲጠይቁን፣ አስቀድመን የነገርናቸው ያላየነውን ሥዕል ነው።