19ኛው ልጅ

ክፍል ሞላ የሚባለው በስንት ተማሪ ነው? አገር ቤት ለተማረ ሰው ጥያቄው ራሱ ቅንጦት ይመስላል። ለአንደኛ ደረጃ ለዓመታት የተቀመጠው መለኪያ በክፍል 50 ነበር፤ በአንድ ዴስክ ተጣበን የተማርን ግን መለኪያውን ሳይሆን የጎናችንን ልጅ ክርን ነው የምናስታውሰው።

ፍሎሪዳ ይህን ቁጥር ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2002 መራጩ ሕዝብ እስከ 3ኛ ክፍል 18፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ 22፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ 25 ተማሪ የሚል ጣሪያ አጸደቀ። እኔ ጣሪያውን እደግፋለሁ። በ1980ዎቹ ቴነሲ ውስጥ ሕፃናትን በዕጣ ከ13 እስከ 17 እና ከ22 እስከ 25 ተማሪ ወዳላቸው ክፍሎች መድበው ሲያወዳድሯቸው፣ በትንሹ ክፍል የተማሩት በልጠው ተገኝተዋል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም ጥቁርና ድሃ ልጆች ነበሩ።

የሚከነክነኝ አቆጣጠሩ ነው። ትምህርት ነሐሴ ላይ ይከፈታል፣ ቆጠራው ግን በፈረንጆቹ ኦክቶበር ነው። በመካከሉ ያሉት ሳምንታት የሽግሽግ ጊዜ ናቸው። 18 ልጆች ያሉበት ሁለተኛ ክፍል አንድ ልጅ ሲጨመርበት ርዕሰ መምህሩ ወይ አዲስ መምህር ይፈልጋል፣ ወይ ሁለተኛና ሦስተኛን ቀላቅሎ አንድ ክፍል ይሠራል፣ ወይ ደግሞ «ከሰኞ ጀምሮ ልጅዎ ወደ ሌላ መምህር ተዛውሯል» የሚል ወረቀት በቦርሳ ይልካል። ልጁ የመምህርቱን ስም ገና መጥራት መልመዱ ነው፤ ቦርሳ መስቀያው ላይ የተለጠፈው ስሙ ይላጣል።

ከቆጠራው በኋላ የሚመጣው ልጅስ? ሕጉ ለእሱ እስከ 3ኛ ክፍል 3፣ ከዚያ በላይ 5 ተማሪ እንዲጨመር ይፈቅዳል። በዲቪ የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ ወር መርጦ አይመጣም። እናም ያው 19 ልጅ የተቀመጠበት ክፍል በኦክቶበር ሕግ መጣስ ሲሆን በጃንዋሪ ምንም አይደለም። መምህርቱ የምታርመው ደብተር ግን ያው 19 ነው።

ሌላም አለ። በ2010 «በየክፍሉ መቁጠሩ ይቅር፣ በትምህርት ቤት አማካይ ይሁን» የሚል ማሻሻያ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ከግማሽ በላይ ድምፅ ቢያገኝም 60 ከመቶ ስላልሞላ ወደቀ። በ2013 ግን ምክር ቤቱ ወላጅ መርጦ የሚያስገባባቸው ትምህርት ቤቶች በአማካይ እንዲቆጠሩ ፈቀደ፤ በየዲስትሪክቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች «የምርጫ» የሚለውን ስም ያዙ። በበር የተከለከለው በመስኮት ገባ ማለት ይሄ ነው። በአማካይ 18 ሲባል አንዱ ክፍል 15፣ ሌላው 21 ሊሆን ይችላል፤ 21 ያለበት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አማካይ ምን ያደርግለታል?

ፍሎሪዳ ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ የገባችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የምትቆጥሩት በክፍል ነው በአማካይ? ዛሬ በንባብ ሰዓት ልጄ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ተቀምጧል? እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ይመደብላችኋል።